በባሕር ያልጠፋው ጊልበርት

ፖርትካሪ፣ ስኮትላንድ
ጥቅምት 3 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.

ለምወድህ ወንድሜ ለጊልበርት፣

እንደምን ከርመሃል? የካናዳ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ሳሉ አልለቅ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ቴሌግራሙ ደርሶህ ይሆናል። እማማን ማክሰኞ ዕለት ከአባባ ጎን ቀበርናት። መንደሩ ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ቄሱ ግን ጸሎቱን አስረዝሞ ሰዉን በብርድ አንቀጠቀጠው።

ትናንት ድንጋይ ጠራቢው ዱጋልድ ወደ ቤተሰባችን የመቃብር ድንጋይ መጣ። እንደ ወጋችን በባሏ ሳይሆን በአባቷ ቤት ስም፣ «ኢፊ ሙር» ብሎ ሊቀርጻት ነው። መሮውን እንደያዘ ራሱን አከከ። ከአባባ ስም ሥር ያለኸው አንተ ነሃ! «ልጃቸው ጊልበርት፣ በባሕር ጠፋ፣ 1931።»

«አንቺ ግሪዘል፣ ይሄን ሰውዬ ልፋቀው እንዴ? ለገና ካርድ የሚልክ ሙት አይቼ አላውቅም» አለኝ።

«ስትፍቀው የአባባስ ስም?»

«አብሮ ይሄዳል። ድንጋዩ አርጅቷል።»

«እንግዲያው ተወው።»

«በሕይወት ያለ ሰው እኮ ነው!»

«አንተ አይተኸዋል? እኔም አላየሁት» አልኩት። የተቆጣሁት ስለናፈቅከኝ ነው።

በበጋ እንግዶች የራስ ቅልና ክንፍ የተቀረጸባቸውን የድሮ መቃብሮች ሊያዩ ሲመጡ፣ እማማ የእኛ ድንጋይ ፊት ትቆምና፣ «ይሄኛውን እንዳታምኑት፤ ልጄ ካናዳ እንጨት ይሰነጥቃል» ትላቸው ነበር። እንዴት እንስቅ ነበር መሰለህ!

በሕይወት መኖርህን የሚናገረው ደብዳቤህ ከመምጣቱ በፊት ያሉትን ሁለት ዓመታት ግን አላየሃቸውም። ልትሄድባት የነበረችው የዓሣ ጀልባ ሳትመለስ ስትቀር፣ አንተ ከአባባ ተጣልተህ፣ ጀልባዋ ላይ ሳትሳፈር በባቡር ወደ ግላስጎው መኮብለልህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብለህ አስምለኸኛል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባባ ባሕር ለበላው ሁሉ እንደሚደረገው፣ በቁሙ ካስቀረጸው ከራሱ ስም ሥር ስምህን ሲያስቀርጽ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ደብዳቤህ እስኪመጣ እማማ ጥቁር ለብሳ ስታለቅስም ዝም አልኩ። ማወቄን ሳልነግራት ሞተች።

ጊልበርት፣ መሐላህን ጠብቄልሃለሁ። አሁን አንተ ናልኝ። ብቻዬን መቃብሯ ላይ ቆሜ ልነግራት ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ቀን ከአጥሩ በር ተመለስኩ።

ሚስትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ
ግሪዘል