ለአያ ጀምበሩ የቁም ተዝካር የገጠምሁት

ከወንዙ ማዶ ላለኸው፣ ለምናፍቅህ ለወንድም ጋሼ ለፈረደ ይድረስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጧት እንዴት ትነሣለህ? ቀትር ላይ የገዳሪፍ ሐሩር እንዴት ያደርግሃል? ማታስ ትንኙ ያስተኛሃል ወይ? ባለቤትህ አሰበችስ እንደምን ሆነች? ወልዳ እንደሆነ ሕፃኑን፣ ገና ከሆነም ሆዷን ሳምልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል፣ እኔን ለማባረር ሲሆን ግን አያማትም። አባባም ደኅና ናቸው፤ ሳላቸውም ደኅና ነው፣ ከእሳቸው ቀድሞ ይነሣል።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ ስለ አገራችን ክረምትና በጋ፣ ስለ ሰሊጡ አበባ፣ ስለ ፍቅርም ቢሆን አጭር አጭር ግጥም እየጻፍሽ ላኪልኝ፣ እዚህ ሆኜ ሳነበው አገሬ የገባሁ ይመስለኛል ብለኸኝ ነበር። ቀላል ነገር ያዘዝኸኝ መስሎህ ነው። ስለ ዝናብ ልጽፍ ስቀመጥ ሰው ይገባበታል። ስለ ሰው ልጽፍ ስል ደግሞ ዝናብ ይዘንብበታል። ስለ በጋ ስጽፍ ላቤ እየተንጠባጠበ ቀለሙን ያጠፋዋል፤ እሱ እንኳ ቢያንስ ምክንያቱ ይታወቃል። ግራ ቢገባኝ ታላላቆችን ልጠይቅ ብዬ ሄድሁ። የኔታ፣ ግጥም በእመቤታችን ስም ይጀመራል አሉኝና፣ እንዴት እንደሚጀመር ሊያሳዩኝ ዓይናቸውን ቢጨፍኑ በዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አልቃሿ እትዬ ካሰች ደግሞ፣ ግጥም በጀግና ይጀመራል፣ ሰውየው ጀግና ካልሆነም በአባቱ ይጀመራል አሉኝ። እናታችንን ብጠይቃት፣ ግጥም እንስራው ውኃ ከሞላ በኋላ ይጀመራል አለችኝ።

እንግዲህ የሆነውን ሁሉ ከሥሩ ልንገርህ፤ ነገሩ አንተም ዘንድ ደርሷልና። ባለፈው ነሐሴ በሰሊጥ አረም ወንፈል ላይ ወገባችን ሲቆረጥ እንዲህ ብዬ አወረድሁ፦

ሰሊጤ አበበ ነጭ ለበሰ ማሳ፣
ንቧ ሠርገኛ ናት ያልደረሳት ምሳ።

አራሚው ሁሉ እየተቀበለ ሲዘፍነው ዋለ፤ ባለማሳውም ምሳችን መዘግየቱ ትዝ አላቸውና ቶሎ አስመጡልን። ከዚያ ወዲህ የፈረደ እህት ገጣሚ ናት ተባልሁ። ስሙን ያወጡልኝ የተራቡት ናቸው።

አያ ጀምበሩን አትረሳቸውም፤ ከማሳችን በታች ብቻቸውን የሚኖሩት፣ ሚስት ሳያገቡ ልጅ ሳይወልዱ ያረጁት። ዕድሜያቸው ሰባ ይሁን ሰማንያ ራሳቸውም ከራሳቸው ጋር ይጨቃጨቁበታል። ዘንድሮ ማሽላቸው ተወቅቶ እንደገባ፣ ስሞት ተዝካሬን የሚያወጣልኝ ስለሌለ በቁሜ አወጣለሁ ብለው ተነሡ። ይኸ ወግ ነው፣ ልጅ የሌለው ሰው ያደርገዋል፤ ማንም አልገረመውም። ያስገረመው ሙሾም እፈልጋለሁ ማለታቸው ነው። ሰው ስለ እኔ የሚለውን ሳልሰማ አልሞትም አሉ። የኔታ ተዝካር ጸሎትና ድግስ እንጂ ልቅሶ የለበትም ቢሏቸው፣ ጸሎቱን እርስዎ ይያዙት፣ ልቅሶውን ለእኔ ይተዉልኝ አሏቸው። እትዬ ካሰች ወዲያው ለሙከራ፣ አንበሳ ገዳዩ፣ ዝሆን ገዳዩ እያሉ ጀመሩ። አያ ጀምበሩ ግን፣ ኸረ ተይ ካሰች፣ እኔ ጅብ እንኳ ሲመጣ ቤቴን ዘግቼ ነው የማስለው ብለው አስቆሟቸው።

ከዚያ ዱላቸውን ተመርኩዘው እኔ ዘንድ መጡ። አንቺ ለንብ ምሳ ያሰብሽ ልጅ፣ ለእኔም አስቢልኝ አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ አያ ጀምበሩ፣ እርስዎ እኮ ቀንበር ከመስበር ሌላ የሠሩት ነገር የለም፣ ምን ልበልዎ? ብዬ ቀለድሁባቸው። እሳቸው አልሳቁም። መሬት መሬቱን እያዩ፣ ሰው ሆኜ መኖሬን የሚያሳይ አንድ ነገር ብቻ በይልኝ፣ ሌላው ይቅር አሉኝ። ይኸን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እሺ አልሁ። እናታችን ያላገባች ልጅ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ካወረደች ባል ይሸሻታል ብላ ጮኸች። የሚሸሸውን ቀድሜ ካወቅሁት ምን ከፋኝ ብላት ያንን ጉልበቷን ረሳችው።

የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሙሉ ሰው ነበር። አያ ጀምበሩ ነጭ ለብሰው መካከል ላይ ተቀመጡ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበላና ሲጠጣ ተነሥቼ ጀመርሁ፦

ሞቱ አሉ ጀምበሩ ማሽላው ይጠየቅ፣
ወፉ ሲወርድበት ማን ማማ ይጠብቅ።

ሴቶቹ ወይ ወይ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ጀምበሩ እጃቸውን አነሡ። እኔ ማማ ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ ያዞረኛል፣ ከሥር ሆኜ ነው የምጮኸው፣ አስተካክይው አሉኝ። እትዬ ካሰች ቱግ ብለው፣ ሟች አይናገርም! ሟች ዝም ይበል! አሉ። ቀጥዬ ንዳድ እንኳ ፈርቷቸው የኖሩ ብዬ ብነሣ፣ ውሸት ነው፣ አምና ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ያባትሽን ጋቢ ነው የለበስሁት አሉ፤ አባባም ከወዲያ ጥግ ሆነው፣ እስካሁን አልመለሰልኝም አሉ። ሰው ይሳቅ ይልቀስ ግራ ገባው። ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ ደረቱን መታ። አንዲት አሮጊት ሁለቱንም አደረጉ።

እኔማ ያዘጋጀሁት ሁሉ ፈርሶብኛል። ስደነግጥ ለአንተ ልልከው ያስቀመጥሁት ከአፌ ወጣ። ባለፈው ሐምሌ ደመናው በእኛ ላይ ዝም ብሎ አልፎ ከሱዳን በኩል ብቻ ሲያፈስሰው፣ ቡቃያችን ሲጠወልግ እያየሁ ያልሁት ነው። ለማን ነው ብለህ አትጠይቀኝ፤ ለደመናው ይመስለኛል፣ ግን ስጽፈው ፊቴ ስለ ምን እንደጋለ አላውቅም።

ደመናው ያው ማዶ ዝናቡም ያው ማዶ፣
ማሳ እግር የለው እንዲሻገር ሄዶ።

ይኸንንስ እንዴት ያርሙት ይሆን ብዬ ስጠብቅ አያ ጀምበሩ ደግሚው አሉኝ፤ ደገምሁት። የያዙትን ጠላ ሳይጠጡ መሬት አስቀመጡት። ከዚያ ተነሥተው፣ እኔ ግን አለኝ አሉ። ምን አለዎት? ሲሏቸው፣ እግር አሉና ገብተው ቤታቸውን ዘጉ። ሰዉም ሽማግሌው በመጨረሻ አዘነ ብሎ ድግሱን ጨረሰላቸው።

በማግስቱ የሉም። ዱላቸውም የውኃ ቅላቸውም የለም፤ ኮቴያቸው ወደ መተማ፣ ወደ ወሰኑ ይሄዳል። ለካ በወጣትነታቸው ከመተማ ገበያ የአንድ ነጋዴ ልጅ ይወዱ ኖሯል፤ ዋሲላ ትባላለች። እሳቸው ክርስቲያን፣ እሷ እስላም፤ የሁለቱም ወገን እምቢ ብሎ እሷን ማዶ አሻግረው ዳሯት። ይኸን እናታችን ታውቃለች፣ የኔታ ያውቃሉ፣ እትዬ ካሰች ያውቃሉ። ከእኔ በቀር የማያውቅ የለም። ጥፋተኛዋ ግን እኔ ሆንሁ። የኔታ በቁሙ ተዝካር ያወጣ ሰው ቆብ ይደፋል እንጂ አይኮበልልም ብለው ገሠጹኝ፤ እኔ እንዳልኮበለልሁ እንኳ ልብ አላሉም። እትዬ ካሰች ያፈሰስሁት እንባ በከንቱ ቀረ ብለው አኮረፉ። በዚህ ሁሉ ስቄያለሁ። አባባ ግን፣ ኬላው ላይ የጣሊያን ወታደር ወረቀት የሌለውን ሰው ይይዛል፣ ከኬላው ያለፈውን ደግሞ በረሃው ይይዘዋል፤ ሽማግሌው መንገድ ላይ ቢቀር የገደለው ያንቺ አፍ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም። እናታችን ቀለሙንና መቃውን ደበቀችብኝ፤ ባትደብቀውም አልነካውም ነበር። ውኃ ስቀዳ ሰው ከወሰኑ በኩል ብቅ ሲል እንስራዬን ጥዬ እየሮጥሁ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አላያችሁም? እላለሁ። ማንም አላየም። ሁለት ስንኝ እንዴት ሰው ይገድላል? ደግሞስ ሰው ካልነካ ለምን ይጻፋል? ከሁለቱ የትኛውን ልያዝ?

ትናንት ግመለኛው ሷሊህ ጨው ጭኖ ከገዳሪፍ መጣ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ ሟቻችሁን አገኘሁት! ብሎ ጮኸ። እዚያው አፈር ላይ ተቀመጥሁ። አያ ጀምበሩ ኬላው ላይ ወረቀት ሲጠየቁ፣ እኔ ተዝካሬ የተበላ ሰው ነኝ፣ የሞተ ሰው ወረቀት አይጠየቅም ብለው ተከራከሩ አሉ። ከወታደሮቹ ያገራችን ልጅ የሆነው አስካሪ ለጣሊያኖቹ ሲተረጉም ሳቅ አፈነውና፣ ሂድ አንተ ሙት ብሎ አሳለፋቸው። በረሃውን ከግመለኞች ጋር ተሻገሩ። ዋሲላ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከአንተው ከተማ ገበያ ላይ ኪስራ ጋግራ ትሸጣለች። አያ ጀምበሩ ከእንጀራዋ ፊት ቆመው፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ያንን ግጥም አሉላት። እሷም ራሷን እንኳ ቀና ሳታደርግ፣ ይኸን ለማለት ነው ጸጉርህ እስኪነጣ የቆየኸው? አለቻቸው። ከዚያ፣ የቀረውስ? አለች። እሳቸው ደግሞ ውሸት አይሆንላቸውም፤ የእኔ አይደለም፣ ያገር ቤት ልጅ ናት ያለችው አሉ። እንግዲያው ለዚያች ልጅ ንገርልኝ፣ ማሳው ከተሻገረ በኋላ ምን እንደሚሆን ገጥማ ትላክልኝ፤ እስከዚያው ሰውየው እንጀራዬን ከዝንብ ይጠብቅ ብላ በሷሊህ ላከችብኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አባባ ይኸን ሲሰሙ መቃዬን ራሳቸው ፈልገው አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡት። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ ስጽፍ ስፍቅ ዋልሁ። እሺ አለችው ብዬ ብገጥም፣ እሺ ማለቷን በምን አውቃለሁ? ዘግይተሃል አለችው ብዬ ብገጥም እኔው አለቀስሁ። ሰሊጥ ሲያብብ አይቻለሁ፤ ደመና ሲያልፍም አይቻለሁ። ሁለት ያረጁ ሰዎች ዕድሜያቸው ካለቀ በኋላ ሲገናኙ ግን አይቼ አላውቅም። እዚህ የሚያውቅ ብጠይቅም፣ የኔታ ኃጢአት ነው ይሉኛል፣ እናታችን ነውር ነው ትለኛለች፣ ቆይቼ ዞር ብዬ ባያት ግን ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ስለዚህ አንተ ሂድልኝ። ኪስራ የምትገዛ መስለህ ቅረብና እይልኝ። ይነጋገራሉ ወይስ ዝም ይባባላሉ? ከእንጀራው በየት በኩል ነው የሚቀመጡት? እሷ ስትቆጣ ይስቃሉ ወይስ ይፈራሉ? አሳምረህ አትጻፍልኝ፣ ያየኸውን ብቻ ጻፍልኝ። ያላየሁትን እየገጠምሁ እንደገና ሰው በረሃ መስደድ ፈራሁ።

አሰበችን ከእግር እስከ ራሷ ሳምልኝ፤ እናታችን ከወለደች በኋላ በመጀመሪያው ወር ሸክም እንዳትነካ ብላለች። ሕፃኑ መጥቶ ከሆነ በሁለቱም ጉንጮቹ ሳምልኝ፤ ሴት ከሆነች ፊደል የማስተምራት እኔ ነኝ። ያከራየህን ሽኩርንና ባለቤቱን ሰዓዲያን፣ ወንድሜን እንደ ወንድማችሁ ስለያዛችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ በልልኝ። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ለአያ ጀምበሩም ጋቢውን አልተውሁልህም በልልኝ ብለዋል። ለእትዬ ዋሲላ እጅ ነሥቻለሁ፣ ትታገሠኝ። ለአያ ጀምበሩ ግን ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ ጠፋኝ፤ ነፍስዎን ይማር ልበል ወይስ እንኳን ደስ ያለዎ? ፊታቸውን አይተህ የሚሆነውን አንተ በልልኝ።

እህትህ አየሁሽ
ከመተማ ቆላ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.