ባትሪው የጠፋበት ሳምንት

ሰኞ

ባትሪውን ወስደውታል። ግድግዳው ላይ የቀሩት ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ጣሪያው ላይ ሶላሩ እንዳለ አለ፤ ያለ ባትሪ ግን ምን ሊረባ። ተማሪዎቼ ቀን ቡና ለቅመው ማታ የሚማሩ ሰዎች ናቸው። መብራት ከሌለ ትምህርት የለም፣ በቃ።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉን ከበሩ አናት ላይ እንደማስቀምጥ የሚያውቁት ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው። ካረፈድኩ ገብተው እንዲቀመጡ ብዬ እኔው ነኝ ያሳየኋቸው። ስለዚህ የወሰደው ከነሱ አንዱ ነው።

ደሜ ፈላ። ሳጅን ገመቹ ጋ ደወልኩ። የቀበሌው የማኅበረሰብ ፖሊስ ነው። ድርጅታችን የኔን ትምህርትና የሱን ሥራ አንድ ላይ ነው የሚደግፈው፤ ዓርብ ዓርብ እኔው ክፍል ውስጥ ሰዉን ስለ ድንበር ጠብ፣ ስለ ጠለፋ ያወያያል። ሁልጊዜ በሹራብ ነው የሚመጣው። ዛሬ ግን «ዩኒፎርምህን ለብሰህ ና፣ ትንሽ ይደንግጡ» አልኩት።

ደነገጡ። ከማሳ ሲመለሱ ዩኒፎርሙን ከሩቅ አይተው ከመንገድ ዞሩ። ስም ለመጥራት ብቆም አንድ «ጂራ»፣ አለሁ፣ የሚል ጠፋ። ባዶ አግዳሚ ፊት እኔና ሳጅን ተፋጠጥን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይሄ ነው፣ ዘይነባ፣ አልኩ ለራሴ።

ማክሰኞ

አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። አይጮህም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። «ንብረት በማይጠበቅበት ቦታ ሌላ ባትሪ መላክ አንችልም። የሰኮሩ ሰዎች ስንት ጊዜ ለምነውናል» አለ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተገኘ የኛ ክፍል ይዘጋል፣ ዕቃው ወደ ሰኮሩ ይሄዳል። ለሰኮሩ ሰዎች ክፉ አልመኝም። ግን የኔዎቹ ፊደል መግጠም ገና መጀመራቸው ነው።

ማታ ከአዴ ሸምሲያ በቀር የመጣ የለም። የልጆች እናት ናት፤ ባለፈው የራሷን ስም ጽፋ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። ዛሬ የመጣችው ግን ልትማር አይደለም። ናዚፍን ልታሳስሪው ነው አሉ፣ እውነት ነው? አለችኝ።

የናዚፍን ስም ሰፈሩ ሁሉ እያነሳው ነው። ካቻምና ከሰው ቡና ማስጫ ላይ ጀንፈል ቡና ወስዶ ታስሯል። ከወጣ በኋላ እኔ ጋ ገባ፤ ትምህርቱ ከሁሉም ቶሎ የገባው እሱ ነው፣ ለሌሎቹም ያስረዳል። ሰው ግን «ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል?» እያለ ነው። ለሸምሲያ ማንንም አላሳስርም አልኳት። በባጃጅ ወደ አጋሮ፣ ወደ ተከራየኋት ክፍሌ ስመለስ ግን እኔም የማስበው ናዚፍን ነበር። አስታግፊሩላህ።

ረቡዕ

ናዚፍ ራሱ መጣ። እጁ በእሸት ቡና ጭማቂ ተጨማልቋል፣ ከለቀማ ተነስቶ ነው። «ቲቸር፣ እኔ አልወሰድኩም። ብወስድ ኖሮ እዚህ እርስዎ ፊት አልቆምም ነበር» አለ። ምን ብለው ጥሩ ነው? የወሰደም ሰው ይቆማል አልኩት! ይቺ ምላሴ። ዞሮ ሄደ። ከኋላው አልጠራሁትም።

ከሰዓት ሳጅን መጣ፣ በሹራቡ። ፊቱ ጠቁሯል። አዛዡ እስከ ቅዳሜ ተጠርጣሪ አምጣ ብሎታል፣ የናዚፍንም ስም ራሱ ጠርቶለታል። አንዴ የታሰረን ሰው ደግሞ ማሰር ቀላል ነው። «እኔ እሱን ካሰርኩ ከእንግዲህ አንድ ሰው ችግሩን አይነግረኝም። አንቺም የምታስተምሪው አታገኚም» አለ። እውነቱን ነው። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ሐሙስ

ሳጅን አባ ቢያ ጋ ይዞኝ ሄደ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አንደበታቸው ግን ደህና ነው። ጫታቸውን እየቀነጠሱ ሁሉንም አዳመጡና «የኔ ልጅ፣ የምትፈልጊው ዕቃሽን ነው ወይስ ሌባውን?» አሉኝ። ሁለቱንም አልኩ። ሳቁብኝ። «ሁለቱንስ አታገኚም፤ አንዱን ምረጪ።»

ከዚያ ድሮ አባታቸው ያደርጉት የነበረውን ነገሩን። ዕቃ ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንዳንድ ሸክም ሣር ወይም ገለባ ይዞ ይወጣል። ተራ በተራ ከአጥር ጀርባ ገብቶ ይደፋል፤ ሌላው ፊቱን ያዞራል። የወሰደ ሰው በሸክሙ ውስጥ ይመልሳል። ከተመለሰ ማን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የጠየቀ ሰው እንደ ሌባው ይታያል።

እኔ ደግሞ ቱግ አልኩ። ሰርቆኝ፣ ዕቃዬን መልሶ፣ ጭራሽ ስሙን እንኳ ላላውቅ? «ታዲያ ስሙ ያበራልሻል?» አሉኝ። ሳጅን ሳቁን ለመደበቅ ወደ ደጅ ያያል። ማል ጎና፣ ምን ይደረግ። ባትሪውን መረጥኩ።

ገለባው የቡና ይሁን ተባለ። ከቡና መቀሸሪያው ጀርባ የአምናው ተቆልሎ አለ፣ ወደ ክፍላችን የሚያስገባው መንገድ ደግሞ በዚህ ዝናብ ጭቃ ውጦታል። ገለባው ጭቃው ላይ ይነጠፋል፤ ባትሪው ባይመጣ እንኳ መንገድ ይኖረናል አሉ አባ ቢያ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አባ ቢያ ለሰዉ ተናገሩ። ለክርስቲያኖቹም ቤት ለቤት ተነገረ። ማንም እሺም እምቢም አላለም፤ ሁሉም ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሳጅን አዛዡን ለምኖ የነገን ቀን ሙሉውን አስፈቀደ። ማታ ላይ ካልተገኘ ናዚፍን ይዞ ይገባል።

እማዬ ከሰፈራችን ከመንደራ ቆጪ ደወለች። ነገሩን ስነግራት «ሌባ ሲመልስ አይቼ አላውቅም፤ ካየሽ ደውዪልኝ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ብሆን አላምንም፣ ግን ጆንያ ተውሻለሁ። ዝናቡ እየዘነበ ነው። ያ ረቢ፣ ነገን አደራ።

ቅዳሜ

አልሐምዱሊላህ። 

በጠዋት ወጡ። ወላሂ፣ ይህን ያህል ሰው አልጠበቅኩም። ጆንያ የያዘ፣ ቅርጫት የያዘ፣ በአህያ የጫነ። ሳጅን በአሮጌ ቱታ አንድ ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ መጀመሪያ አላወቅኩትም። እኔም ደፋሁ፤ ወገቤ ነገ ይነግረኛል። ጀርባችንን ለክፍላችን አጥር ሰጥተን ቆምን፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ለመዞር አንገቴን እንዴት እንደበላኝ!

ናዚፍ አልመጣም። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ።  ሁሉም ደፍቶ ካለቀ በኋላ ከታች፣ ከቡናው ማሳ ውስጥ ብቅ አለ፤ ሁለት ጆንያ ተሸክሟል፣ አንዱ የታመሙት እናቱ ድርሻ ነው። ማንም ሰላም አላለውም። ገብቶ ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ ገለባውን ወደ መንገዱ ማውጣት ተጀመረ። ከላይ ከላይ እየዛቅን የናዚፍን ሁለት ጆንያ መጀመሪያ አወጣን። ገለባ ብቻ። ቁልሉ አለቀ አለቀ፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። መሬቱ ሊታይ ሲል የሸምሲያ አካፋ ጠንካራ ነገር መታ። ባትሪው ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ገመድ ታስሮ። ከሥር ነው የተገኘው፤ ገና በጠዋቱ፣ ናዚፍ ከመድረሱ በፊት የተደፋ ነው። ይህን ያላየ ሰው አልነበረም።

ሁሉም አካፋውን አስቀመጠ። አባ ቢያ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሆነው «መንገዱ አላለቀም እኮ» አሉ። ሰዉ አካፋውን አነሳ።

በጠዋት የመጡትን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። እኔ፣ ሳጅን፣ አባ ቢያ፣ ሸምሲያ… ከዚያ ተውኩት። ነውር ነው ተብሏል።

ናዚፍን ነጥዬ «አውፍ በለኝ» አልኩት። እንባዬ መጣ፤ ላለማልቀስ ብዬ ነው መሰለኝ ተቆጥቼ የተናገርኩ መሰለ። መሬት መሬት እያየ «ቁልፉን አሁንም እዚያው ነው የሚያስቀምጡት?» አለኝ። እዚያው ነው አልኩት።

ለእማዬ ደወልኩላት። ነገሩን ሁለቴ አስደገመችኝ።

ሰኞ

ባትሪውን ናዚፍና ሳጅን ገጠሙት፤ በራ። ለአለቃዬ ተገኘ አልኩት። ማን ነበር የወሰደው? አለ። መንገዳችንም ተሠርቷል አልኩት። መልሶ ጠየቀኝ፤ መልሼ ያንኑ አልኩት። በሉ ቀጥሉ ብሎ ዘጋው። ሰኮሩ ሌላ ባትሪ ይፈለግላቸው ኢንሻአላህ።

ማታ ተማሪዎቼ ጭቃ ሳይነካቸው መጡ። ስም ልጠራ ቆምኩ። ወሳጁ አፍሮ ቢቀር፣ የቀረው እሱ ነው እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ናዚፍ። «ጂራ።» ሸምሲያ። «ጂራ።» እስከ መጨረሻው ጠራሁ። አንድም አልቀረም።

ከነሱ አንዱ ነው፣ እሱም «ጂራ» ብሏል። ቾክ አነሳሁና ካቆምንበት ቀጠልን።