የቪትዟ አልጋ

ይበልጤ፣ የልጆቼ አባት፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ አንተ ካለህበት ቦታ ሕመም የለም ይላሉ። ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ሙት ዓመትህን አወጣን፤ ጥቁር ልብሴንም አወለቅሁ። የፍኖተ ሰላም ሰው ባገኘኝ ቁጥር በረታሽ ይለኛል፤ እኔም በረታሁ እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። ልጃችን እመቤት ወንድ ልጅ ወለደች። አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው፤ ጆሮህን ስላልወሰደ ግን እግዜርን አመስግኛለሁ። የጓሮው አጥር በክረምቱ ዝናብ ወድቆ በቆርቆሮ አሳጠርኩት። ማስተማሬን አልተውኩም፤ ቤት ስውል ስለሚብስብኝ። መኪናህ ቪትዟ እንደተውካት አቮካዶው ሥር ቆማለች። ባትሪዋ እንዳይሞት አልፎ አልፎ እያስነሳሁ እስከ አስፋልቱ ደርሼ እመለሳለሁ። ባለፈው ሰሞን ልጃችን ዳንኤል መጣና፣ አልጋውን እናንሳውና የኋላ ወንበሯን እንመልስላት፣ ሰው ይጫንባት አለኝ። ልጁ ልክ ነው። እኔ ግን እሺ ማለት አቃተኝ፤ ይህን የምጽፍልህም በዚሁ የተነሳ ነው።

አልጋውን የሠራህ ጊዜ እንዴት እንደሳቅሁብህ ታስታውሳለህ። የግብርና ሥራህ በየገጠሩ ሲያዞርህ፣ የየከተማው አልጋ ቤት ትኋን አስመርሮህ ነው የጀመርከው። የኋላውን ወንበር ነቅለህ ጣውላ አስለካህ፣ በላዩ ስፖንጅ ቆርጠህ አነጠፍህ፣ የልጆቹን አሮጌ አጎበር በመስኮቶቹ ልክ ሰፋህ። እኔ የዶሮ ቆጥ አልኩት፤ ስሙም ቆጥ ሆኖ ቀረ። አንተ ግን መኪና ውስጥ መተኛት የራሱ ዘዴ አለው እያልክ ታስተምረኝ ነበር። ራስ ወደ ዳገት መሆን አለበት። መስኮቱ ጥቂት ካልተከፈተ ሰው በገዛ ትንፋሹ ረጥቦ ያድራል። ጫማ ከመኪናው ሥር ከተተወ ውሻ ይወስደዋል፤ ይህንን መቼም ጅጋ ላይ በአንድ እግር ጫማ ነው የተማርከው።

እንዲያው የሞከርክበት ቀን ባይነሳ ይሻል ነበር፤ ግን ሳላነሳው አላልፍም። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ አደርክበት። ጠዋት ብርድ ልብስ ተከናንበህ ከመኪናው ስትወጣ ጎረቤቶች አዩህ። በእኛ ሰፈር ባል ከቤቱ ደጃፍ መኪና ውስጥ ካደረ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሚስቱ አባርራዋለች። ፀሐይ ሳይበረታ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። አንተ አልተጣላንም ባልክ ቁጥር እነሱ ደግሞ ገመና ሸፋኝ ጨዋ እያሉ ያመሰግኑሃል፤ እኔን በጎን ያዩኛል። አላስችል ሲልህ ተነስተህ ከጎማው ሥር የነበረውን ድንጋይ ትከሻህ ላይ አደረግህና፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ አልከኝ። ያልተጣላነውን ጠብ ይቅር አልኩህ። እነሱ ሲመርቁን ቪትዟ ቀስ ብላ ተንሸራታ ጌሾው ውስጥ ገባች። ከሁሉም ጸንቶ የቀረው ግን ያስገቡህ ቃል ነው፤ ከእንግዲህ ከሚስትህ ተለይተህ እዚያ መኪና ውስጥ እንዳታድር አሉህ።

ለቀልድ የተገባ ቃል ነው ብዬ ነበር። አንተ ግን ቃልህን ጠበቅህ። ከዚያ በኋላ ደምበጫም ሆንክ ቋሪት፣ ሲመሽ ወይ ትመለሳለህ ወይ ከትኋኑ ጋር ታድራለህ። አልጋውን የምትተኛበት እኔ ከጎንህ ከሆንኩ ብቻ ነበር። ጢስ ዓባይ እንሂድ፣ ፏፏቴው እየተሰማን እንደር አልከኝ። እኔ ፈተና ሳርም፣ ጾም ሲገባ፣ ወገቤ ሲነሳብኝ፣ ከርሞ እያልኩ አቆየሁህ። ለነገሩ ሰው ምን ይላል የሚለውም ነበረበት፤ ቤት ያላት ሴት መንገድ ዳር እንዴት ታድራለች። ኋላ እኔ እሺ ስል መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ እምቢ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ከዚያ ታመምክ። ሐኪሞቹ ወደ ባሕር ዳር ይሂድ ሲሉን ሌላ መኪና አልጠበቅንም፤ አንተ ቆጥህ ላይ ተጋደምክ፣ እኔ ነዳሁ። መንዳት ያስተማርከኝ ለዚህ ነበር እንዴ እያልኩ ቡሬ ደረስኩ። እዚያ መንገዱ እስኪነጋ ተዘግቷል አሉን። በቆሙት አውቶቡሶች ተሳፋሪ አልጋ ቤቱ ሁሉ ሞልቷል። አንድ ሆቴል ግቢውን ከፈተልን። በዚያ ሕመምህ ላይ ሆነህ፣ ራሳችን ወደ ዳገት እንዲሆን መኪናዋን አዙሪያት አልከኝ። አዞርኳትና አጠገብህ ገብቼ ጋደም አልኩ። ስትተነፍስ እየሰማሁ፣ ዓይኔን ሳልከድን ልጠብቅህ ነበር ሐሳቤ።

ስነቃ ወፍ ተንጫጭቷል። ተኝቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ሳልገላበጥ። ወገቤ ከያዘኝ ጀምሮ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ዞር ስል ዓይንህ ተከፍቷል፤ አንተ አልተኛህም ነበር። ሐፍረቱ ከራሴ እስከ እግሬ ወረደብኝ። ባሏ እያቃሰተ ተኛች የምትባል አስታማሚ አይተህ ታውቃለህ? አንተ ደግሞ ፊትህ ፈካ ብሎ፣ ተመቸሽ ወይ አልከኝ።

ዓይኔን ሳልከድን ነጋ አልኩህ። አፌ እንደለመደው ነው ያልኩት፤ አስታማሚ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሳንኮራፋ የሰማኸኝ አንተ ነህና ትስቅብኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቅክም። ማንኮራፋቴን እንዳልሰማህ አሁን ገባኝ፤ ጆሮህ በሕመሙ ከብዶ ነበር። በእጅህ ከወገቤ ሥር ያለውን ስፖንጅ ጫን ጫን አድርገህ፣ አዬ፣ በአንቺ በኩል ሳስቷል፣ ስንመለስ አንድ እጨምርበታለሁ አልክ። መንገዱ ተከፈተና ነዳሁ። ባሕር ዳር ሆስፒታል አስገቡህ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አልጋ የተነጋገርንበት ጊዜ አልነበረም።

ያንን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኸኝ ለዚያች አንዲት ጥያቄ ነበር። አንተ ደግሞ ሥራዬ አልሆነም፣ አልተመቻትም ብለህ ሄድክ። ብዙ ነገር ባጣሁም የዚህን ያህል የሚቆጨኝ የለም።

ዳንኤልን አልጋው አይነሳም አልኩት። ለምን ሲለኝ ነገርኩት። እናቱ ባሏ ታሞ እያለ መተኛቷን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ ይድፋ። ስለዚያች ሌሊት የጠየቀኝ ሁሉ ከእንግዲህ እውነቱን ይሰማል፤ አንተን የማስብህ እንዲህ ነው፣ ለሐዘንተኛ በሚያምረው ወሬ አይደለም።

ተመችቶኝ ነበር፣ ይበልጤ። ስፖንጁ አልሳሳም።

ያንተው ጥሩወርቅ