እናቴን ከነአጥንቷ ስላስመረቁልኝ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ፣ ቁመትዎም ካምናው አንዲት ጣት ያልጎደለ፣ ሳል ሲመጣብዎ የጠረጴዛ ጠርዝ መያዝ የማያስፈልግዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለባለሥልጣን የሚቀርብ የጤና ምኞት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዝርዝር ውስጥ እንደማይገባ አላጣሁትም፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው በሳል አከርካሪው ይሰበራል ቢሉኝ የምስቅ ነበርኩ።

ማንነቴን ላስታውስዎ። በጤና መረጃ አያያዝ በዲግሪ ተመርቄ ካርድ ክፍልዎ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እጇን ሳታወርድ የምትውለው፣ እርስዎም አንድ ቀን «ይችን ልጅ እባካችሁ ውሃ አጠጧትና ትረፍ» ብለው አዳራሹን ያሳቁባት እኔ ነኝ። አልተቀየምኩም። እንዲያውም በዚያው ስብሰባ፣ የአምስት ዓመት ሕክምናቸውን የጨረሱ የካንሰር ታካሚዎች በክብር እንዲመረቁ፣ ካርዳቸው እንዲዘጋና ወረፋው እንዲቀል ሲወስኑ፣ ከሁሉም ረዝሞ የተሰማው ጭብጨባ የእኔ ነበር። የተመራቂዎቹን ዝርዝር ያወጣሁትም እኔ ነኝ። በዝርዝሩ አራተኛ ተራ ላይ እናቴ ነበረች።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ ከባድ ካውያ ይዛ እኔን አስተምራለች። በአርባ አምስት ዓመቷ የጡት ካንሰር ያዛት። አንዱ ጡቷ ተቆረጠ፤ ካንሰሩ የሚመገበው የሴትነት ሆርሞኗን ነው ተብሎም የእንቁላል ማምረቻዎቿ በቀዶ ሕክምና ወጡ። ሌላዋ ሴት በዓመታት ቀስ እያለች የምትደርስበትን ማረጥ እናቴ በአንድ ጠዋት ደረሰችበት። ከዚያ የተረፈችውን ጥቂት ሆርሞን ደግሞ አሟጦ የሚያጠፋ እንክብል በየቀኑ ለአምስት ዓመት ዋጠች። ካንሰሩ ተራበና ተሸነፈ። ችግሩ፣ አጥንቷም የሚበላው ከዚያው ማዕድ ነበር። ይህን ቀድመው ያዩት የያኔው የአጥንት ሐኪም አጥንቷን በመሣሪያ አስለክተው መሳሳቱን አገኙና፣ በየስድስት ወሩ ከቆዳዋ ሥር የምትወጋው መርፌ አዘዙላት። መርፌው አጥንቷን ያዘላት። ሐኪሙም ሥራ ቀይረው ሄዱ።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ምርቃቱ። አዳራሹ ያማረ፣ አበባው ትኩስ፣ የምስክር ወረቀቱም ጠርዙ ወርቃማ ነበር። እናቴ ለዚያ ቀን ብላ የሰፋችውን የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚስ ለብሳ ሲጨብጧት፣ «ከእንግዲህ በዚህ በር እንዳላይሽ» ብለው ቀለዱ፣ ሰውም ሳቀ። ትልቅ ሰው ቃሉን ይጠብቃል ሲባል የሰማሁት ልክ እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅልጥፍናው። ካርዷ የተዘጋው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። የመርፌው ቀጠሮ ከአጥንት ክፍል ቢታዘዝም የተመዘገበው በካንሰር ካርዷ ላይ ነበርና፣ ካርዱ ሲዘጋ ቀጠሮውም አብሮ ጠፋ። መርፌው ይቁም ያለ ሐኪም የለም። ስለ መርፌው የተነጋገረ ሰው ራሱ የለም። በአንድ ማህተም ብቻ፣ ማንም ሳይወስን ተወሰነ፤ እንዲህ ያለ ድካም የማይጠይቅ አሠራር በየትም አይገኝም። ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። የመታሁት ጠንከር አድርጌ ነው፤ ከዚያም ካርዱን ሳምኩት፣ ደረቴ ላይ አስደግፌ ወደ ምድር ቤት ወረድኩና ሁላችንም ጋሽ ቁልፉ ለምንላቸው ለመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ አስረከብኩ። «ደስ አለሽ አይደል ልጄ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ መስኮቱ መስተንግዶ። የመርፌዋ ወር ሲደርስ እናቴ እንደ ልማዷ መጥታ ወረፋ ያዘች። መስኮቱ ላይ ያለው ባልደረባዬ ኮምፒውተሩን አይቶ፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ድነዋል፤ ለታመሙት ቦታ ይልቀቁላቸው» አላት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንኳን ደስ አለዎት ማለቱ ነበር። እናቴ ማታ እራት ላይ «ድነሻል ተብዬ ተባረርኩ» ብላ ስታወራው ተሳሳቅን። እኔም የተማርኩ ነኝና፣ «እማዬ፣ ቀጠሮ ቢኖርሽ ሲስተሙ ይጠራሽ ነበር» አልኳት። ልጇ ስለሆንኩ አመነችኝ። እኔ ደግሞ እርስዎን አምኜ ነበር።

ያች መርፌ እንደሌሎቹ አለመሆኗን ያኔ አላወቅሁም። እያስታመመች የያዘችው አጥንት፣ እሷ በድንገት ስትቀር፣ ከመጀመሪያው በባሰ ፍጥነት ይሳሳል፤ በተለይ አከርካሪ። ስለዚህ መቆም ካለባት እንኳ በቦታዋ ሌላ መድኃኒት መተካት አለበት። ይህን የነገረኝ ማን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ራሱ ካርዱ ነው። የሄዱት ሐኪም በመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ያለ ምትክ ፈጽሞ እንዳይቋረጥ» ብለው ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ጽሑፉ በምድር ቤትዎ፣ በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ እርጥበት ሳይነካው፣ አይጥ ሳይቀምሰው እንደተጻፈ ቆይቶኛል። ስለ አያያዙ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አራተኛ ምን ነበር... አዎ፣ ቀሚሶቹ። ከምርቃቱ ስምንት ወር በኋላ እናቴ አንድ ጣቃ ጨርቅ ከወለል ስታነሳ ጀርባዋ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ። «ብርድ ነው» አለች። ለብርድ የሚደረገው ሁሉ ተደረገላት፤ ታሸች፣ ተቀባች፣ ተሸፈነች። ሲያስላት ጠረጴዛ መያዝ ጀመረች። አንድ እሑድ ልብስ ስተኩስላት ቀሚሶቿ ሁሉ ከታች አዲስ ክር እንዳላቸው አየሁ። አንድም ሳትቀር ሁሉንም አሳጥራቸዋለች። ጠየቅኋት። «ጨርቁ ለቀቀ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጠች ሴት፣ የሱፉም፣ የጥጡም፣ የሐሩም ጨርቅ በአንድ ወር ለቀቀ አለችኝ። በገዛ ሜትሯ የበሩ መቃን ላይ አቁሜ ለካኋት። አራት ሴንቲ ሜትር። «አየሽ፣ ጨርቁ ነው» አለች፤ ግን ሜትሩን ከእጄ አልተቀበለችኝም።

በራጅ ታየች። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተደፍጥጠዋል፣ ሦስተኛው ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። አዲሷ የአጥንት ሐኪም ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርገው ሦስቱንም በእስክሪብቶ ጫፍ አሳዩን። ከዚያ፣ «ሦስተኛው ሳይሄድ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት መጀመር አለባት፤ ካርዷን ብቻ አምጡልኝ» አሉን። ካርዷን ብቻ። ክቡርነትዎ፣ ካርድ ክፍል የምሠራው እኔ እንደሆንኩ አስበው፣ የዚያን ቀን ደረጃውን እንዴት እየዘለልኩ እንደወረድኩ ይገምቱ።

አምስተኛው ምስጋናዬ ታዲያ የተዘጋ ካርድ ስለሚከፈትበት ቅጽ ነው። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ካርዱ እንደገና የሚከፈትበት ምክንያት በሚለው ሥር አንዲት ሳጥን ብቻ አለች፤ «በሽታው ተመልሷል» ትላለች። የእናቴ በሽታ አልተመለሰም። ስድስት ዓመት ሊጠጋው ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተመለሰም። ምክትልዎ ዘንድ ገባሁ። «ምን ያስጨንቅሻል፣ ምልክት አድርጊበትና ይለፍ፤ ወረቀት እኮ ነው» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ላደርገው ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ቤት ሄድኩ። እናቴ ቅጹን መነጽሯን አድርጋ እስከ ታች አነበበችና፣ «ይህን ቃል ከሐኪም አፍ እንዳልሰማ ብዬ ስንት ሌሊት ስለት ተሳልኩ፤ ዛሬ በገዛ እጄ ልፈርምበት?» አለችኝ። «ልጄ፣ ስንጥቁ ይሻለኛል።» ከዚያ ወዲያ ስለ ቅጹ እንዳነሳባት አትፈቅድም።

እንደ አዲስ ታካሚ ካርድ ላውጣላት ብዬ ደግሞ ሞክሬ ነበር። ኮምፒውተሩ ስሟን አወቃትና፣ ለአንድ ሰው ሁለት ካርድ አይፈቀድም አለ። ደግነቱ እስከዚህ ያስታውሳታል። ጋሽ ቁልፉ ዘንድ ወርጄ ለመንኳቸው፤ ቅጹ ተሞልቶ ካልመጣ እንደማይሰጡኝ ነግረውኝ፣ «እኔ እዚህ ስኖር ካርድ ከዚህ ሲወጣ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ፍርድ ቤት ጠርቶት» አሉኝ። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ ካርዱን እዚያው እሳቸው ፊት እንዳነብ ፈቀዱልኝ። ቀዩን ጽሑፍ ያየሁት ያኔ ነው። ለክቡርነትዎ ሦስት ማስታወሻ የጻፍኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ብለውኛል። ስድስት ሳምንት ሆነው። በነዚህ ሳምንታት እናቴ ካውያዋን ለጎረቤቷ አውሳለች፤ ማንሳት ስለማትችል ነው እንጂ ቸር ስለሆነች አይደለም። የምትተኛው በአንድ ጎኗ ነው። ስትነሳ መጀመሪያ ሁለት እጇን፣ ከዚያ ትንፋሿን፣ ከዚያ ራሷን ታዘጋጃለች። እኔ በየጠዋቱ ሦስተኛዋን አጥንት እያሰብኩ የሌሎችን ካርድ አወጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ ቢያስከፋዎ፣ ከእናቴ ፈቃድ አግኝቼ መሆኑን ይወቁልኝ። አንብባው፣ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ስድብ ቆርጣ ጥላልኛለች። ስለዚህ እዚህ የሚያነቡት የተስተካከለውን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እኔ ከዚህ ሆስፒታል የምወጣ ሰው አይደለሁም፤ ካላባረሩኝ በስተቀር ማለቴ ነው። በትምህርት ቤት ጥሩ መዝገብ ሰው ያድናል ብለው አስተምረውኛል፣ እስካሁንም ያንን ነገር አምነዋለሁ፤ ከማመኔ የተነሳም ነው ይህን ያህል የተቃጠልኩት። የጠየቅሁት አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ መሣሪያ አይደለም። በቅጹ ላይ፣ ከዚያች ሳጥን ሥር፣ በእጅ ጽሑፌ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ «በሽታው አልተመለሰም፤ በሕክምናው የተጎዳው አጥንት ግን ይታከም» ይላል። እናቴ እዚህኛው ላይ ፈርማለች፤ ሐኪሟም ፈርመዋል። ቅጹ ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቀን ሐሙስ ጠዋት ነው።

ካልፈረሙ፣ እናቴ ሐሙስ ጠዋት ያለ ካርድ ትመጣለች። እኔ ማህተም መትቼ የዘጋሁባትን በር ራሴ ይዤላት እገባለሁ፤ ሐኪሟም ያለ ካርድ እንደሚያክሟት፣ የሚመጣውንም እንደሚቀበሉ ነግረውኛል። ሁለታችንንም በአንድ ደብዳቤ ለማሰናበት ይመችዎ ዘንድ ስማችንን በቅጹ ጀርባ ላይ አስፍረናል።

በምርቃትዎ ቀን ብዙ ላጨበጨበው እጄ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የተዘጉ ካርዶችዎ ሁሉ ደረቅና ጸጥ ያሉ እንዲሆኑ፣ ለእርስዎም እስከ ጡረታዎ ድረስ ቀጥ ያለ ጀርባ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የካርድ ክፍልዎ ታዛዥ ሠራተኛ፣
የአራተኛዋ ተመራቂ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ በቅጥር ደብዳቤዬ ሰባተኛ ተራ ላይ «ቀጠሮ ያለፈባቸውን ታካሚዎች ፈልጎ መጥራት» የሚል ግዴታ አለብኝ። ጋሽ ቁልፉና እኔ የተመራቂዎችን ካርድ አንድ በአንድ ስናገላብጥ ያችው መርፌ የታዘዘላቸው ሌሎች አሥራ ዘጠኝ ሴቶች አገኘንና ሁሉንም ጠራናቸው። አምስቱ «ብርድ ነው» ብለው ሲታሹ ከርመዋል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ስለ ምርቃታቸው እርስዎን በአካል ሊያመሰግኑ ይመጣሉ። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ ግን፣ እርስዎ ቢወርዱላቸው ሳይሻል አይቀርም።