ጥፋቱ የትራሱ ነው እንጂ የዕድሜዬ አይደለም

ውድ ቱሪድ፣

ደሜ ፈልቷል! ለሞተሬ መቀመጫ የአየር ትራስ የሸጠልኝ ሰውዬ፣ «እስኪወጠር ይንፉት፤ ከዚያ በኋላም ካመመዎት ዕድሜዎ ነው» አለኝ። አምኜው ሦስት ቀን ሙሉ ኳስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ስንሸራተት ሰነበትኩ። ትናንት ቦዶ ወደብ ላይ ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ፣ ሞተሬን እዚያው ሸጬ በባቡር ልመለስ ቆርጬ ነበር። ቦርግሂልድ የምትባል የሰባ ዓመት ሞተረኛ ስነጫነጭ ሰማችኝና፣ «ተቀመጪበት እቱ! አሁን አየሩን ቀስ እያልሽ አስተንፍሺ። መቀመጫሽ የሞተሩን ወንበር ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ዝጊው» አለችኝ።

ዛሬ አራት ሰዓት ሙሉ ነድቼ እየዘፈንኩ ወረድኩ። በአንድ ደንቆሮ ምክር የስንት ዓመት ሕልሜን ልጥል ነበር እኮ! እዚህ ንፋሱ ከከተማችን ከበርገን ዝናብ ይብሳል፤ ቢሆንም የኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ሳልደርስ አልመለስም። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ባልሽን ኦድቫርን ሳሚልኝ።

አስላውግ