የቄስ አስረስ ግራ ጆሮ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፰፻፶፬ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማርቆስ

ቅኔ ሊማር ጎጃም ለተሻገረው፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለዘውገ ይድረስ። እንዴት ከርመሃል? እኔ እናትህ አመተማርያም ደኅና ነኝ። ገብሱ ተሰብስቧል፣ ጤፉ ገና ነው፣ ዳልቻዋ ላም ሴት ጥጃ ወልዳለች።

ይህን የምናገር እኔ ነኝ፤ ፊደል ስላልቆጠርሁ የሚጽፉልኝ አባትህ ናቸው። ነገሩ ደግሞ የራሳቸው ጆሮ ነው! "ይህን አልጽፍም" ብለው ሁለት ጊዜ ብርዑን አስቀመጡ። እንግዲያውስ ሌላ ደብተራ እጠራለሁ ብዬ አስፈራራኋቸው።

አባትህ ሲጽፉ ብርዓቸውን በግራ ጆሯቸው ላይ እንደሚሰኩ ታውቃለህ። አምና እዚያው ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቁስል ወጣች። ብርዑ ነው የፋቃቸው አልንና ወደ ቀኝ ጆሮ አዛወሩት። ቁስሏ ግን ትደርቃለች፣ ቅርፊቷ ሲነሳ ትደማለች፣ እንደገና ትደርቃለች። ቅቤ ቀባኋት፣ ጠበል ወሰድኋቸው፤ ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ የአንበሳሜው ባለመድኃኒት ፈንታሁን መጥቶ አየ። "ብርዕ አይደለም። ቄስ ሠላሳ ዓመት የጻፉት የት ተቀምጠው ነው?" አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ የእጃቸው ጥላ ብራናው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐዩን በግራ አድርገው ነዋ! መልካቸውም ቀይ ነው። "እንግዲህ ፀሐይ ነው የበላው። ነቀርሳ ነው፤ ግን ገና ጅምር ነው። አሁን ጫፏን በምላጭ ብቆርጣት ይድናሉ፤ ከቆየች ወደ አንገት ትወርዳለች" አለ።

አባትህ እምቢ አሉ። "አካሉ የጎደለ ካህን መቅደስ አይገባም" ይላሉ። ጥፍር የማታህል ጫፍ እኮ ናት! ግን የሚያስፈራቸውን አውቃለሁ። የደብሩ ገበዝ ሳሉ ወንድሜን፣ አጎትህን ቄስ ይርጋን፣ እንጨት ሲፈልጥ ጣቱ ቢቆረጥ ከመቅደስ ያስወጡት እርሳቸው ናቸው። ይኸው አሁንም ብርዑን ሊያስቀምጡ ነበር። "ይጻፉ!" አልኋቸው፤ ጻፉ።

ፈራሁ ልጄ። ጆሮው የጎደለ ባል ይሻለኛል፣ መቃብር ላይ ቆሜ ከማለቅስ።

ትናንት ማን መጣ መሰለህ? ይርጋ! ዘጠኝ ዓመት ደጃችንን ያልረገጠው ይርጋ ወሬውን ሰምቶ መጣ። አባትህ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። እርሱ ግን ጥምጣማቸውን ፈታና በዚያች ባለ አራት ጣት እጁ፣ ጆሯቸውን ሸፍኖ ዝቅ አድርጎ መልሶ ጠመጠመላቸው። "ይኸው፣ ማን ያያል? ያስቆርጡት" አላቸው። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። አባትህ ግን እስካሁን እሺም እምቢም አላሉም። እባክህ አንተ ጻፍላቸው፤ አንተን ይሰማሉ።

የአባቶችህ አምላክ ልቡናህን ያብራልህ፣ በሄድህበት ክፉ አይንካህ።

እናትህ አመተማርያም

ልጄ ዘውገ፣ ይህ የእኔ የአባትህ ቃል ነው። እናትህ ጥጃዋን ልታጠባ ወጥታለች። ያለችውን ሁሉ አንድ ቃል ሳልቀንስ ጽፌአለሁ። አንድ ነገር ግን እርሷም አታውቅም። ትናንት ይርጋ ሲጠመጥምልኝ፣ እኔ ጆሮዬን የምሸፍንበት ሳላጣ እርሱ ጣቱን የሚሸፍንበት እንዳልነበረው አሰብሁ። ዘጠኝ ዓመት ከውጭ ቆሞ ሲያስቀድስ አንድ ቀን ዞሬ አላየሁትም።

ወደ ፈንታሁን ሰው ልኬአለሁ፤ ቅዳሜ ይመጣል። ቁስሉ ሲጠግ ጥምጣሜን ከፍ አድርጌ አስራለሁ። ለደብሩ አለቃ ጆሮዬን አሳይቼ፣ "ወይ ይርጋና እኔ አብረን እንግባ፣ ወይ አብረን ከውጭ እንቁም" እላለሁ።

እናትህ ስትመለስ ደብዳቤውን ያንብቡልኝ ማለቷ አይቀርም። እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ እንዳይከዳኝ ጸልይልኝ።

አባትህ አስረስ