ከአጥሩ ሁለት ሜትር

የልጄ ልጅ፣ ያለሽበት ይመችሽ፤ ጠላትሽ እንደ እኔ ጥርስ ይርገፍ። እኛ ደህና ነን፤ አያትሽም እኔን መቆጣቷን አልተወችም።

ስትመጪ እንድታርፊበት የሠራሁልሽ ክፍል ግን ሊፈርስ ነው። ለካ ከጎረቤት ወሰን ሁለት ሜትር ሳይለቁ መሥራት ክልክል ኖሯል። ያ ጎረቤታችን፣ የልጅነት ወዳጄ፣ መሠረቱ ሲለካ የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ «እስከ አጥሩ አስጠጋው፤ በእኔና በአንተ መሃል ምን ወሰን አለ!» ያለኝ ሰው፣ ጣሪያው ሲያልቅ «ፀሐይ ጋረደኝ» ብሎ ማዘጋጃ ቤት ከሰሰኝ።

ትናንት ደግሞ መጥቶ «ማፍረሱን ላግዝህ?» አይለኝም! «ና እንጂ፤ ገመድ መያዝ ታውቅበታለህ» አልኩት። ስቄ ገባሁ፤ እራቴን ግን አልበላሁም።

አንቺ ቤት ስትሠሪ ደንቡን ከማዘጋጃ ቤት ጠይቂ እንጂ ከወዳጅ አፍ አትስሚ። ዕድሜሽ ይርዘም። ክፍሉ ቢፈርስም አትቅሪብኝ፤ ማንኮራፋቴን ከቻልሽ አልጋዬ አጠገብ ቦታ አለ።